ከደም ሥር የሚያፈተልክ መድኃኒትና የታካሚው ቃል

የፊዚክስ መምህር ስለ ነርስ ሥራ ሊጽፍ ምን አገባው? የሚል ጥያቄ በአንባብያን አእምሮ ሊነሣ እንደሚችል እንገምታለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም አጭር ነው። በአንድ ሕፃን አልጋ አጠገብ ቆመን፣ በክፍል ውስጥ የምናስተምረውን ሕግ ያለ ቦታው ሠርተንበት፣ ሕፃኑ ሲጎዳ በዓይናችን አይተናል።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በዳንግላ ከተማ የምትኖር እህታችን የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ ቆላው፣ ወደ ጃዊ ወረዳ፣ ለዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነበር። ከተመለሱ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ልጁን ብርቱ ትኩሳት ያዘው፤ ሲመረመርም ወባ ሆኖ ተገኘ። በክልላችን ከሚገኙ ሆስፒታሎች በአንዱ ሲተኛ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር እጅግ ዝቅ ብሎ ስለነበር፣ በእጁ ጀርባ ላይ ካኑላ ገብቶለት 40 በመቶ ግሉኮስ በሲሪንጅ ተሰጠው፤ ቀጥሎም ከረጢት ተሰቀለለት። ልጁ «ያቃጥለኛል! ያቃጥለኛል!» እያለ አለቀሰ። በሥራ ብዛት የደከመችው ሲስተር «ጎበዝ፣ ቻል፣ አሁን ያልፋል» አለችው። እኛም ከእርሷ ብሰን «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አልነው። ሌሊቱ ብርድ ስለነበር እናቱ ክንዱን በጋቢ ሸፈነችው።

እኩለ ሌሊት ገደማ ጠብታው መቀዝቀዙን አየን። ሲስተሯ በሌላ ክፍል ነበረች። ግፊት ከፈሳሹ ከፍታ ጋር እንደሚጨምር ስንት ዓመት ያስተማርን ሰዎች ነንና፣ ማንንም ሳንጠይቅ ስታንዱን ወደ ላይ ሳብ አደረግነው። ጠብታው እንደገና ፈጠነ። እኛም በዕውቀታችን ተደስተን ተቀመጥን። ሊነጋ ሲል ጋቢው ሲገለጥ፣ የልጁ ክንድ እስከ ክርኑ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮና ገርጥቶ፣ ሲዳሰስም ቀዝቅዞ ተገኘ። መድኃኒቱና ፈሳሹ የገባው ወደ ደም ሥሩ ሳይሆን ወደ ሥጋው ነበር።

ልጁ ከወባው ዳነ። የእጁ ጀርባ ግን በሳምንቱ ጠቆረ፤ ቆሰለም። ቁስሉ እስኪጠግግ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ዛሬም ሁለት ጣቶቹ እንደ ሌሎቹ አይታጠፉም፤ እጁም የሚጽፍበት እጁ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። በደም ሥር መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ያቃጥለኛል» ሲል ቃሉ የድካም ወይም የቅብጠት ምልክት ሳይሆን መለኪያ ነው፤ መለኪያው ምልክት ሲሰጥም ፍሰቱ መቆምና ቦታው መታየት አለበት። ይህንን ለማድረግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

መፍሰስ ሲባል ምን ማለት ነው?

መድኃኒትን በቀጥታ ወደ ደም ሥር የማስገባት ሙከራ ረጅም ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሬን እ.ኤ.አ. በ1656 የወፍ ላባ አገዳንና የእንስሳ ፊኛን ተጠቅሞ ወደ ውሻ ደም ሥር ፈሳሽ አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1832 ቶማስ ላታ የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ኮሌራ ያደረቃቸውን ሕሙማን ጨው ባለበት ውሃ በደም ሥር ለማከም ሞክሯል። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው ለስላሳ የፕላስቲክ ካኑላ ደግሞ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ ሜዮ ክሊኒክ ዴቪድ ማሳ የሠራው የፕላስቲክ መርፌ ነው።

ካኑላው የሚገባው በደም መላሽ ሥር ውስጥ ነው። የዚህ ሥር ግድግዳ ስስ ነው። ታካሚው ሲንቀሳቀስ የካኑላው ጫፍ ግድግዳውን ሊበሳው ወይም ከሥሩ ሊወጣ ይችላል። መድኃኒቱ ራሱ ግድግዳውን ሊያቆጣውም ይችላል፤ ሥሩ ከላይ ከተዘጋም ፈሳሹ በገባበት ቀዳዳ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፈሰሰው ተራ የጨው ውሃ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እብጠቱ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ሥጋን የሚያቆስል መድኃኒት ከሆነ ግን የቆዳ መሞት፣ የጅማት መጎዳት፣ ከዚያም አልፎ የጣት ወይም የእጅ አገልግሎት ማጣት ሊከተል ይችላል።

መድኃኒቱ ሥጋን የሚያቆስለው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው መንገድ ኦስሞሲስ ነው። በደም ፈሳሽ ውስጥ የሟሙ ነገሮች መጠን በሊትር 290 ሚሊ ኦስሞል ገደማ ነው። የ40 በመቶ ግሉኮስ መጠን ግን ከ2,000 ይበልጣል፤ ሰባት እጥፍ ያህል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፈሳሽ በሰፊ ደም ሥር ውስጥ ሲገባ የሚሮጠው ደም ወዲያው ያቀጥነዋል። በሥጋ ውስጥ ሲፈስ ግን የሚያቀጥነው ስለሌለ ከዙሪያው ሕዋሳት ውሃ ይስባል፤ ሕዋሳቱም ይጨማደዳሉ፣ ይሞታሉ። ስኳር ለሕይወት አስፈላጊ ነው ብሎ ያለቦታው የፈሰሰው ስኳር አይጎዳም ማለት እንደማይቻል ከዚህ እንረዳለን። ያልቀጠነ ፖታስየም ክሎራይድም በሥጋ ውስጥ ይጎዳል። ከዚህ በላይ ደግሞ በቀጥታ ወደ ደም ሥር ከተገፋ ልብን ሊያቆም ስለሚችል፣ ሳይቀጥን መስጠት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ሁለተኛው አሲድነትና አልካሊነት ነው። የደማችን ፒኤች 7.4 ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው የፌኒቶይን መርፌ ፒኤች 12 አካባቢ ነው። መለኪያው በአሥር እጥፍ እንደሚቆጠር ለምታውቁ ተማሪዎች፣ በሁለቱ መካከል ያለው የሃይድሮጅን አዮን ክምችት ልዩነት ከ30,000 እጥፍ በላይ መሆኑን ማስላት አያዳግታችሁም።

ሦስተኛው የደም ሥርን ማጥበብ ነው። አድሬናሊን፣ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን የደም ግፊቱ የወደቀ ሰውን ያድናሉ። ከሥር ውጭ ሲፈሱ ግን በአካባቢው ያሉትን ጥቃቅን ሥሮች አጥብበው ሥጋውን ደም ይነሡታል፤ ቆዳው ይነጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ኋላም ይጠቁራል።

አራተኛው የሕዋስ መርዝነት ነው። ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን የመሳሰሉ የካንሰር መድኃኒቶች ሕዋስን እንዲገድሉ የተሠሩ ናቸው። በተለይ ዶክሶሩቢሲን በሥጋ ውስጥ ከቀረ ቁስሉ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ይህ ለአዊ ዞን ልዩ ትርጉም አለው። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ተነሥቶ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር መድኃኒት የወሰደ ሰው፣ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ክንዱ ሊቆስል ይችላል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቁስሉን መጀመሪያ የሚያየው በአቅራቢያው የሚገኘው ነርስ ነው። «መድኃኒቱ በየትኛው ክንድ ተሰጠህ? ሲሰጥህስ አቃጥሎህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ካላወቀ፣ ተራ ቁስል መስሎት ሊያልፈው ይችላል።

ፊዚክሱ የት ላይ ነው?

ከአልጋው አጠገብ የተሰቀለው ከረጢት የሚሠራው በስበት ኃይል ነው። የአንድ ሜትር የውሃ ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 9.8 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። በክንድ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ከዚህ በብዙ ያነሰ ስለሆነ ፈሳሹ ይወርዳል። ፈሳሹ በሥጋ ውስጥ መጠራቀም ሲጀምር በዚያ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፤ ጠብታውም ይቀዘቅዛል። እንግዲህ የጠብታ መቀዝቀዝ ራሱ አንድ መልእክት ነው። እኛ በዚያች ሌሊት ስታንዱን ከፍ ስናደርግ ለመልእክቱ የሰጠነው መልስ ተጨማሪ ግፊት ነበር። ከረጢቱን በእጅ መጭመቅና የፍሰት መቆጣጠሪያውን መክፈትም ከዚህ ስሕተት አይለዩም። ትክክለኛው መልስ ጋቢውን ገልጦ ክንዱን ማየት ነበር።

በተቃራኒው ጠብታው አለመቀዝቀዙ ሁሉም ደኅና ነው ማለት አይደለም። በሕፃናትና በአረጋውያን ከቆዳ በታች ያለው ሥጋ ልል ስለሆነ ብዙ ፈሳሽ ሳይታወቅ ሊጠራቀም ይችላል። በሲሪንጅ ሲሳብ ደም መመለሱም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የካኑላው ጫፍ በሥሩ ውስጥ እያለ ግድግዳው በሌላ በኩል ተበስቶ ሊሆን ይችላልና።

ሲሪንጅን በተመለከተ ደግሞ ግፊት ኃይል ሲካፈል ለስፋት መሆኑን እናስታውስ። አንድ ሰው በአውራ ጣቱ 10 ኒውተን ኃይል ቢያሳርፍ፣ የውስጡ ወርድ 9 ሚሊ ሜትር በሆነ ባለ 2 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ መውጫው በተዘጋ ጊዜ የሚፈጠረው ግፊት ከ1,100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይበልጣል። ወርዱ 19 ሚሊ ሜትር በሆነ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግን ግፊቱ 265 ገደማ ነው። ትንሹ ሲሪንጅ ለእጅ ይቀላል፤ ለስሱ ደም ሥር ግን ይከብዳል። «አልሄድ አለ» ተብሎ በኃይል የሚገፋ መድኃኒት ለምን ሥር እንደሚቀድ ከዚህ ግልጽ ይሆናል።

ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ፖይዜይ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በቀጭን ቱቦ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል፤ ሬዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ታዲያ ሁልጊዜ ሰፊ ካኑላ ይሻላል ማለት ነውን? አይደለም። ደሙ የደነገጠ ወይም ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሰፊ ካኑላ ያስፈልገዋል። የሚያቆስል መድኃኒት ሲሰጥ ግን ደም በካኑላው ዙሪያ በነፃነት እየሮጠ መድኃኒቱን እንዲያቀጥነው፣ ለሥራው የሚበቃውን ትንሹን ካኑላ በሰፊ ሥር ውስጥ ማስገባት ይመረጣል።

ተማሪዎቻችን አንድ ጊዜ «እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል በዚያ ግሉኮስ በፍጥነት ይወርዳልን?» ሲሉ ጠይቀውናል። የአየር ግፊቱ በእርግጥ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን አየሩ ከረጢቱንም የታካሚውንም ሰውነት እኩል ስለሚጫን ውጤቱ ይጣፋል። የእንጅባራ ከፍታ ችግር የሚፈጥረው በሌላ መንገድ ነው፤ በብርዱ። ብርድ ሥሮችን ያጠባል፤ ሥር ፍለጋው ይከብዳል፤ ክንዱም በጋቢና በብርድ ልብስ ይሸፈናል። የተሸፈነ ክንድ ደግሞ ሳይታይ ያድራል።

ጉዳቱን እንዴት መከላከል ይቻላል?

ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው በነርስነት ሙያ የታወቀና የተመሰከረለት አሠራር ነው። በመጀመሪያ ቦታ መምረጥ ነው። የሚቻል ከሆነ የክንድ ታችኛው ክፍል ይመረጣል። የክርን መታጠፊያ፣ የእጅ አንጓና ሥጋው ስስ የሆነው የእጅ ጀርባ፣ በተለይ ለሚያቆስል መድኃኒት፣ አይመከሩም። የቀዘቀዘ ክንድ አስቀድሞ ለብ ባለ ጨርቅ ቢሞቅ ሥሩ ጎልቶ ይወጣል። አንድ ሥር ተወግቶ ከከሸፈ የሚቀጥለው ሙከራ ከዚያ በላይ፣ ወደ ልብ በኩል፣ ወይም በሌላው ክንድ መሆን አለበት። ከታች ቢወጋ ፈሳሹ ወደ ላይ ሲሄድ ቀድሞ በተበሳው ቀዳዳ ይወጣልና። ይህን የውሃ ቧንቧ የጠገነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ካኑላውን በሚገባ ማሰር ነው፤ ነገር ግን ጫፉ ያለበት ቦታ እንዲታይ ሆኖ። ክንድን ዙሪያውን በፕላስተር መጠቅለል እብጠትን ይደብቃል፤ የደም ዝውውርንም ያግዳል። የሕፃን ጣቶች ሁልጊዜ መታየት አለባቸው።

ከመድኃኒቱ በፊት በጥቂት የጨው ውሃ ሥሩን መሞከር፣ በዚያን ጊዜም ቦታውን እየዳሰሱ «ምን ይሰማሃል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መቅጠን ያለበትን መድኃኒት ማቅጠንም ግድ ነው። ለሕፃናት የሚመከረው ግሉኮስ 10 በመቶ ነው። አንድ እጅ 40 በመቶ ግሉኮስ ከሦስት እጅ ለመርፌ ከተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 10 በመቶ እንደሚሆን የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስረዳል። ሥር ጨርሶ ካልተገኘ ደግሞ ጊዜ እንዳያልፍ ስኳርን ከምላስ ሥር ወይም በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ መስጠት በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የታወቀ አማራጭ ነው።

ከዚያ በኋላ ክትትል ይቀጥላል። ነቅቶ መናገር ለሚችል አዋቂ ቢያንስ በየአራት ሰዓቱ፣ ራሱን ላላወቀ ታካሚ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ፣ ለሕፃን በየሰዓቱ፣ የሚያቆስል መድኃኒት ለሚወስድ ደግሞ ከዚህም ባነሰ ጊዜ መታየት አለበት። አሠራሩ ሦስት ቃላት ብቻ ነው፤ መዳሰስ፣ ማየት፣ ማወዳደር። ቦታው ለስላሳ፣ ደረቅና እንደ ሰውነቱ ሞቃት መሆኑን መዳሰስ፤ ሽፋኑን ገልጦ ማየት፤ ክንዱን ከሌላው ክንድ ጋር ማወዳደር። በቤተ ሙከራ ያለ ማነጻጸሪያ የሚደረግ ሙከራ ዋጋ እንደሌለው እናስተምራለን። ለእያንዳንዱ ታካሚ ተፈጥሮ ማነጻጸሪያውን በሌላው ክንዱ ሰጥታዋለች።

መድኃኒቱ ከፈሰሰስ?

መጀመሪያ ፍሰቱ ይቁም። ካኑላው ግን ወዲያው አይነቀል፤ በሲሪንጅ በውስጡ የቀረውንና በዙሪያው ያለውን መድኃኒት የሚቻለውን ያህል ስቦ ማውጣት ይገባል። በጨው ውሃ ማጠብ የፈሰሰውን ወደ ጥልቅ መግፋት ስለሆነ አይደረግም። ማርከሻ ያለው መድኃኒት ከሆነ ሐኪሙ ያዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ካኑላው ይወጣል። የእብጠቱ ዳር በስክሪብቶ ይከበባል፤ ሰዓቱ፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠኑ ይጻፋል። ክንዱ ለአንድና ለሁለት ቀን ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል።

ለብዙዎቹ መድኃኒቶች በረድ ያለ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደረጋል። ቅዝቃዜ መድኃኒቱ እንዳይሰራጭ ያግዳልና። ለቪንክሪስቲንና ለደም ሥር አጥባቢ መድኃኒቶች ግን ተቃራኒው፣ ለብ ያለ ሙቀት ያስፈልጋል። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ በዋርዱ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።

ማሸት፣ ቅቤ መቀባትና ያበጠውን ክንድ ወደ ወጌሻ መውሰድ ጉዳቱን ያባብሳሉ። ጣቶቹን ሲዘረጉለት ታካሚው አጥብቆ ከጮኸ፣ ክንዱ እንደ እንጨት ከጠጠረ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከነጡ ወይም ከቀዘቀዙ በውስጥ የታመቀው ግፊት የደም ዝውውሩን እያቋረጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዳዩ በሰዓታት የሚቆጠር የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ቃሉን ማመን

እስካሁን ያልነው ሁሉ በመጻሕፍት የሚገኝ ነው። ችግሩ ያለው ቀጥለን በምናነሣው ላይ ይመስለናል። ባህላችን መቻልን ያከብራል። ሕመምተኛ ሲያቃስት «ቻል»፣ ሕፃን ሲያለቅስ «ጎበዝ» ማለት ከልጅነታችን የለመድነው ማጽናኛ ነው። በብዙ ነገር መልካም ባሕርይ ነው። በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ላይ ግን አደገኛ ነው። እብጠት ከመታየቱ በፊት፣ ጠብታው ከመቀዝቀዙ በፊት፣ ቆዳው ከመገርጣቱ በፊት ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ማቃጠሉ ነው። ታካሚውን ቻል ማለት የመጀመሪያውን መለኪያ ማጥፋት ነው። የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል «ዝቅ በል» ብሎ የሚቆጣ የቤተ ሙከራ ተማሪ ብናገኝ እንስቃለን። በልጁ አልጋ አጠገብ ያደረግነው ግን ያንኑ ነበር።

በአዊ ዞን ሌላም ነገር አለ። ብዙ እናቶችና አረጋውያን የሚያስቡትና የሚያለቅሱት በአዊኛ ነው። ነርሷ ከሌላ አካባቢ የመጣች ከሆነ፣ በአማርኛ «ደኅና ነው?» ብላ ስትጠይቅ በትሕትና «ደኅና ነው» ይሏታል። «ያቃጥላል? ይወጥራል? ይደነዝዛል?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በአዊኛ መማር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ከአዊኛ ተናጋሪ ጓደኞቻቸው ጋር ተባብረው ይህንን በአንዲት ካርድ ቢያዘጋጁ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል ብለን እናምናለን።

የሚቀርቡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አናጣውም። «ሕፃን ሁሉ ያለቅሳል፤ ባለቀሰ ቁጥር ብናቆም ሕክምናው ይስተጓጎላል» ይባላል። እውነት ነው፤ ሁሉም ልቅሶ የመፍሰስ ምልክት አይደለም። ነገር ግን ማቆም፣ መግለጥ፣ መዳሰስና ማወዳደር አንድ ደቂቃ ይወስዳል። ምልክቱ ሐሰት ከሆነ የምንከስረው ይህችኑ ደቂቃ ነው፤ እውነት ሆኖ ካለፍነው ግን የወራት ቁስል እንከፍላለን። ሁለቱን ስሕተቶች በሚዛን ያስቀመጠ ሰው ምርጫው አይከብደውም።

«አንዲት ነርስ ለስንቱ ትድረስ?» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ዋርዶች ሲጨናነቁ ሌሊቱን በሙሉ ከአልጋው የማይለየው አስታማሚው ነው። በአገራችን አስታማሚ ምግብ አቅራቢና መድኃኒት ገዢ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ካኑላው በገባበት ሰዓት «ክንዱን አትሸፍኑ፣ በየሰዓቱ ከሌላው ጋር አስተያዩ፣ አቃጠለኝ ካለ ወይም ጠብታው ከቀዘቀዘ ምንም ሳትነኩ ጥሩን» ተብሎ ቢነገረው የዋርዱ ሁለተኛ ዓይን ይሆናል። በዚያች ሌሊት ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተነግራን ቢሆን ኖሮ እጃችንን ወደ ስታንዱ ባልሰደድን ነበር። እርግጥ አስታማሚው የነርስ ምትክ አይሆንም፤ በቂ ነርስ የመመደብ ኃላፊነትም ከአስተዳደሩ ላይ አይወርድም።

«የሚያስፈልገን ዘመናዊ ፓምፕ ነው» የሚሉም አሉ። ለትምህርት በባሕር ማዶ በቆየንበት ጊዜ በየአልጋው ፓምፕ ያለባቸው ሆስፒታሎችን አይተናል። ፓምፕ መጠንን በትክክል ይለካል፤ ጥቅሙ የማያከራክር ነው። ሆኖም የፓምፑ ደወል የተሠራው ቱቦው ሲዘጋ እንዲጮኽ እንጂ መድኃኒት በሥጋ ውስጥ ሲፈስ እንዲያውቅ አይደለም። እንዲያውም በስበት የሚወርደው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ፓምፑ መግፋቱን ይቀጥላል። በዚያም ቢሆን ነርሶቹ በየሰዓቱ ክንዱን ሲገልጡ አይተናል።

በመጨረሻም ስለ መዝገብ እንናገር። ጉዳቱ ሲደርስ ነርሷ የምትወቀስ ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ አትጽፈውም፤ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ አይታረምም። በቤተ ሙከራ የተበላሸ ውጤት የሠረዘ ተማሪ ከስሕተቱ የሚማርበትን ዕድል አብሮ ሠርዟል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ ማፍራት ከዋና ዋና አጀንዳዎች አንዱ ተደርጎ ነበር። ለእኛ የአክብሮት መጀመሪያው ታካሚው ስለ ራሱ ክንድ የሚናገረውን ማመን ነው። ለነርሷም የሚገባት አክብሮት፣ ስሕተትን ያለ ፍርሃት የምትመዘግብበት መዝገብ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነርስ፣ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት የሚሆኑ አሉ። ሌሎቻችሁም አንድ ቀን በአንድ ዘመድ አልጋ አጠገብ መቀመጣችሁ አይቀርም። የፈሳሽ ግፊትን ቀመር ስታጠኑ በከፍታና በግፊት መካከል ያለውን ዝምድና ብቻ አትያዙ፤ በቱቦው ሌላኛ ጫፍ ማን እንዳለም ጠይቁ። የእህታችን ልጅ ዛሬ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሲጽፍ ብዕሩን በሦስት ጣቶቹ ይደግፈዋል። በዚያች ሌሊት ስንት ጊዜ «ያቃጥለኛል» እንዳለ ባንቆጥረውም፣ የመጀመሪያው ይበቃ እንደነበር ግን ዛሬ እናውቃለን።